ስለ ወይኑ ቦታ፥ ስለ ቅጥሩና ስለ ጠባቂው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በብሉይና በሐዲስ ኪዳን ስለ ወይን የተነገረው ነገር እጅግ ብዙ ነው። እኛ ግን ምሳሌውን ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን ስላደግን፥ ምሳሌው የተወሰደበትን ሥራ ሳናውቅ ወደ ምሥጢሩ ለመድረስ እንቸኩላለን። ወይን በብዛት በማይተከልበት አገር የሚኖር ሰው ቅጥር፥ ግንብ፥ መጥመቂያ ሲባል ቃሉን ይሰማል እንጂ ድካሙን አያውቅም፤ ድካሙን ያላወቀም ተክሉ ሲጠፋ ኀዘኑ አይሰማውም። ስለዚህ በዚህ ትምህርት አስቀድመን የወይኑን ሥራ ከነወራቱ፥ ቀጥለንም ወይኑን የሚያጠፉትን አራዊት፥ በመጨረሻም የጠባቂውን ነገር እንናገራለን።

1ኛ፤ ስለ ወይኑ ሥራና ስለ ወራቱ

ከቤተ ልሔም እስከ ኬብሮን ባለው ተራራማ አገር ወይን ጥንትም ዛሬም የቤተ ሰብ ርስት ነው፤ አባት ይተክላል፥ ልጅ ይገርዛል፥ የልጅ ልጅ ይለቅማል። ሙሴ የላካቸው ሰላዮች አንዱን ዘለላ በመሎጊያ ለሁለት የተሸከሙት በዚያው በኬብሮን አቅራቢያ እንደ ሆነ በኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 13 ተጽፏል። ምድሩ ቁልቁለትና ድንጋያማ ስለ ሆነ ገበሬው ከሁሉ አስቀድሞ ድንጋዩን ይለቅማል፤ በለቀመውም ድንጋይ እርከን ይሠራል፥ ቅጥር ይቀጥራል፥ የጥበቃ ግንብ ያቆማል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 5 የዘረዘረው ሥራ ይህ ነው። ከኢየሩሳሌም በስተ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በበቲር መንደር እንዲህ ያሉ እርከኖችና የጥበቃ ግንቦች እስከ ዛሬ ይታያሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በዚያች መንደር የምንጩን ውሃ ስምንት ታላላቅ ቤተ ዘመዶች በየቀኑ በተራ ስለሚወስዱት የውሃቸው ሳምንት ስምንት ቀን ነው። ርስት የሚጸናው እንዲህ ባለ ስምምነት ነው።

ሥራው ወራትን ተከትሎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1908 ዓ.ም. በጌዝር በተቈፈረው ፍርስራሽ ውስጥ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ጽላት ተገኝታለች። ሊቃውንት ከጌታችን ልደት በፊት በዐሥረኛው መቶ ዓመት የተጻፈች እንደ ሆነች ይናገራሉ። በእርስዋም ላይ የዓመቱ የእርሻ ሥራ በየወሩ ተመድቦ ተቀርጿል፤ ከመከርና ከዘር ጋራ ለወይን እንክብካቤ ሁለት ወር ተለይቶ ተሰጥቷል። ሰሎሞን በነገሠበት ዘመን አካባቢ የኖረ ሰው የወይኑን ወራት እንደ ዘሩ ወራት ቈጥሮ ይጠብቅ እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ቅጠሉ ረግፎ ግንዱ በሚያንቀላፋበት በክረምታቸው፥ ይኸውም በእኛ በጥርና በየካቲት አካባቢ፥ ገበሬው ቅርንጫፉን ይገርዛል። ያልተገረዘ ወይን ቅጠሉ ይበዛል፥ ፍሬው ግን ያንሳል፥ ይኰመጥጣልም። ሙቀቱ በተመለሰ ጊዜ ከተቈረጠው ጫፍ ውሃ እንደ እንባ ይንጠባጠባል፤ ይህንም ያየ እንግዳ ሰው ተክሉ የሞተ ይመስለዋል፤ ገበሬው ግን ሥሩ ሕያው እንደ ሆነ በዚያ ያውቃል። ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 15 አብን ገበሬ፥ ራሱን የወይን ግንድ፥ እኛን ቅርንጫፎች አድርጎ የተናገረው ይህን ለሚያውቁ ሰዎች ነው። የሚገረዘው ፍሬ የሚያፈራው ቅርንጫፍ መሆኑን ልብ እንበል፤ በመከራ የሚገሠጽ ምእመን የተጣለ መስሎት ተስፋ እንዳይቈርጥ ይህ ይበቃዋል።

ከዚህም በኋላ ይኰተኰታል፥ ያብባል፤ ፍሬው በቋጠረ ጊዜ ትርፉ ቀንበጥ ይቈረጣል። ፍሬው መብሰል ሲጀምር ቤተ ሰቡ መንደሩን ትቶ በወይኑ ቦታ በግንብ ወይም በዳስ ያድራል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ይለቀማል፤ ከፊሉ ይበላል፥ ከፊሉ ደርቆ ዘቢብ ይሆናል፥ ከፊሉ ይጠመቃል፥ ከፊሉም ተፈልቶ እንደ ማር ይወፍራል። እኅት ቤተ ክርስቲያናችን የአርመን ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን የፍልሰታ በዓል ስታከብር የአዲሱን ዓመት ወይን ፍሬ ትባርካለች። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ዲያቆኑ በቤተ ልሔም ዘቢቡን በውሃ ዘፍዝፎ ሲጨምቀው ከእጁ ላይ ያለው የአንድ ዓመት የገበሬ ድካም ነው። ዘቢቡን አብዛኛውን ጊዜ ከገበያ ስለምንገዛው ይህን እንረሳለን።

ትዕግሥቱ ደግሞ ከዓመት ያልፋል። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 እንደ ታዘዘ፥ የተተከለ ዛፍ ፍሬ ሦስት ዓመት አይበላም፤ የአራተኛው ዓመት ፍሬ ለእግዚአብሔር የተቀደሰ ይሆናል፤ ተካዩ የሚበላው በአምስተኛው ዓመት ነው። ወይን ተክሎ ፍሬውን ገና ያልቀመሰ ሰው ከዘመቻ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 20 የፈቀደችለትም ስለዚህ ነው።

2ኛ፤ ወይኑን ስለሚያጠፉት

ይህን ያህል የተደከመበት ተክል በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል። መዝሙረ ዳዊት በ79ኛው መዝሙር ከግብፅ የመጣችው ወይን ቅጥርዋ ፈርሶ የዱር እሪያ እንዳበላሻት በልቅሶ ይናገራል። ይህ በግእዝ ሐራውያ የሚባለው አውሬ በሌሊት በመንጋ ይመጣል፤ ፍሬውን ከመብላቱ ይልቅ በአፍንጫው አፈሩን ገልብጦ ሥሩን ማውጣቱ፥ እርከኑንም ማፍረሱ ይከፋል። ዛሬም በኢጣልያ በቶስካና አገር ያሉ የወይን ገበሬዎች ስለ እርሱ የኤሌክትሪክ አጥር ያጥራሉ። በአገራችንም በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በተተከለው ሰፊ የወይን ቦታ ዙሪያ ጅብና ጉማሬ እንዳይገቡ ጕድጓድ ተቈፍሯል። ኢሳይያስ ያየው ቅጥር በእኛም ምድር አስፈላጊ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

መኃልየ መኃልይ ደግሞ በምዕራፍ 2 ትንንሾቹን ቀበሮዎች አጥምዱ ይላል። ግእዙ ቈናጽል ይላቸዋል። ትልቁን አውሬ ትቶ ትንንሹን የጠራበት ምክንያት አለው፤ ጊዜው ወይኑ የሚያብብበት ነው። በዚያ ወራት የሚለቀም ፍሬ ስለሌለ ጠባቂው ገና ወደ ግንቡ አልወጣም። እሪያው ሲመጣ ቅጥሩ ይናዳል፥ ውሻው ይጮኻል፥ ሰው ሁሉ ይነሣል። ትንሹ ቀበሮ ግን በአንድ ድንጋይ መውደቅ በተከፈተች ቀዳዳ ይገባል፤ ሲጫወት አበባውን ያረግፋል፥ ከሥሩ አጠገብ ይምሳል፥ ማንም ሳያየውም ይወጣል። ጕዳቱ የሚታወቀው ከሦስት ወር በኋላ ዘለላው ሲፈለግ ነው።

መምህራን ይህን ሲተረጕሙ ወይን ቤተ ክርስቲያን፥ ቀበሮች መናፍቃን ይላሉ፤ አንድም ወይን ነፍስ፥ ቀበሮች ጥቃቅን ኃጢአቶች ይላሉ። ሁለቱም ከሥራው ጋራ ይስማማል። አንድ ቤተ ሰብ ከእምነቱ የሚርቀው ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ክህደት አይደለም። አስቀድሞ የማታው ጸሎት ይቀራል፤ ቀጥሎ ጾሙ በምክንያት ይፈታል፤ ከዚያም ባልና ሚስት የተቀያየሙበት ነገር ሳይታረቅ ያድራል፤ ልጆቹም ይህን እያዩ ያድጋሉ። እያንዳንዱ በራሱ ሲታይ ትንሽ ስለ ሆነ ለንስሐ አባት አይነገርም። በመከር ጊዜ ግን ፍሬ አይገኝም።

አውሬ የሚሆን ሰውም አለ። በነገሥት መጽሐፍ እንደ ተጻፈ ናቡቴ የአባቶቹን ርስት አልሸጥም ባለ ጊዜ፥ ንጉሡ አክዓብ ያን የወይን ቦታ ለአትክልት ፈልጎት ስለ ነበረ፥ በኤልዛቤል ተንኰልና በሐሰት ምስክር ናቡቴ ተወግሮ ሞተ። ከዱር የሚመጣውን በድንጋይ ቅጥር መከልከል ይቻላል፤ የጎረቤትን ርስት የሚመኘውን ግን የሚከለክለው እግዚአብሔርን መፍራት ብቻ ነው።

3ኛ፤ ስለ ቅጥርና ስለ ምሕረት

እንግዲህ ቅጥሩ ይጽና ስንል ሁሉ ይባረር ማለታችን አይደለም። ኦሪት ራስዋ ልክ አበጅታለታለች። የወደቀው ፍሬና ቃርሚያው ለድሀና ለመጻተኛ ይተዋል፤ መንገደኛ ገብቶ ቢበላ አይከለከልም፥ በዕቃው መያዝ ግን አልተፈቀደለትም። በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 23 ደግሞ በሰባተኛው ዓመት ምድሪቱ ታርፋለች፤ ፍሬዋን ድሆች ይበላሉ፥ ከእነርሱ የተረፈውንም የምድር አራዊት ይበላሉ። ስድስት ዓመት የተባረረው ቀበሮ በሰባተኛው ዓመት ድርሻ አለው ማለት ነው። አውሬውንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነውና።

ይህን ልክ ያለፈ ሰው ራሱን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት በእስራኤል አገር የእርሻ አይጥን ለማጥፋት መርዝ ተበተነ፤ የተመረዘውን አይጥ የበሉ እጅግ ብዙ ጭልፊቶችና ሌሎች አዳኝ ወፎች አለቁ። አይጡ ቶሎ ይዋለዳል፥ ጭልፊት ግን ቶሎ አይተካም። በኋላ፥ እ.ኤ.አ. ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ገበሬዎች በእርሻቸው መካከል ጉጉት የሚጎጆበት ሣጥን ማቆም ጀመሩ፤ አንድ ጥንድ ጉጉት ከጫጩቶቹ ጋራ በዓመት በሺህ የሚቈጠር አይጥ ይበላል። በእኛ ዘንድ ድምፁ እንኳ እንደ ክፉ ምልክት የሚፈራው ወፍ በዚያ የእርሻ ጠባቂ ሆነ።

ይህ ነገር ለእኛ ለካህናት ትልቅ ምክር ይሰጣል። ተግሣጽ እንደ መርዝ የሚበተንበት ጊዜ አለ። አንዱን ጥፋተኛ ለመገሠጽ ስንል በዐውደ ምሕረት ላይ ሁሉን የሚያቆስል ቃል እንናገራለን፤ ጥፋተኛው ቃሉን ለምዶታልና አይነካውም፥ በንጹሕ ልብ የመጣችው ባልቴት ግን አዝና ትሄዳለች፤ ገና ሊመለስ ያሰበውም ወጣት ከደጅ ይመለሳል። ወንጀለኛውን ለብቻው ጠርቶ መምከር ቀዳዳውን አይቶ መድፈን ነው።

4ኛ፤ ስለ ጠባቂው

በልጅነታችን ማማ ላይ ወጥተን ወንጭፍ ይዘን ማሽላ ጠብቀናል። በዚያ የተማርነው ይህ ነው፤ ወፉ የሚወርደው ጠባቂው ገና ባልተነሣበት በማለዳ፥ ዝንጀሮውም የሚገባው ጠባቂው እህል ሊቀምስ በወረደበት ሰዓት ነው። ዝንጀሮ ጠባቂውን ያጠናል። ቀኑን ሙሉ የጮኸ ልጅ ለአንድ ሰዓት በመተኛቱ የቀኑን ድካም ያጣል። ጠላታችን ዲያብሎስም እንዲሁ ጠባቂውን ያጠናል፤ የትኛው ካህን በማን ሰዓት እንደሚደክም፥ የትኛውም አባት ከልጆቹ ጋራ መቼ እንደማይነጋገር ያውቃል።

በመኃልየ መኃልይ በመጀመሪያው ምዕራፍ የምትናገረዋ የሌላውን ወይን እንድትጠብቅ ተሹማ የራስዋን ሳትጠብቅ እንደ ቀረች ታዝናለች። ይህን ስናነብ እኛ ካህናት ራሳችንን ልንመረምር ይገባናል። የንስሐ ልጆቻችንን ቤት ስንባርክ የገዛ ልጆቻችን ዳዊት ሳይደግሙ አድገው ይሆን? ለሌላው ስለ ዕርቅ እየሰበክን ከወንድማችን ጋራ ተኳርፈን ወደ መቅደስ ገብተን ይሆን? ወላጆችም እንዲሁ ይመርምሩ፤ ለእንግዳ የሚሰጡትን ትዕግሥት ለልጃቸው ከልክለው ይሆን? ይህን የምንጽፈው ከበደሉ ንጹሐን ስለ ሆንን አይደለም፤ ከማማው ወርደን የተገኘንበት ሰዓት ብዙ ነውና ከእናንተ ጋራ አብረን እንወቀሳለን።

ነገር ግን የወይን ተፈጥሮ ተስፋ ይሰጣል። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 15 እንዳመለከተው ከግንዱ የተለየ የወይን እንጨት ለዕቃ መስቀያ እንኳ አይሆንም፤ በሥሩ ላይ ያለው ግን እስከ ግንዱ ቢቈረጥ ዳግመኛ ያቈጠቍጣል። ስለዚህ የፈረሰ ቅጥር ያለው ሰው ሙሉውን ግንብ በአንድ ቀን ለመሥራት አይጨነቅ፤ ዛሬ የወደቀችውን አንዲት ድንጋይ ያንሣ። የተቋረጠውን የማታ ጸሎት ከቤተ ሰቡ ጋራ ዛሬ ማታ ይጀምር፤ የተቀየመውን ፀሓይ ሳትገባ ይጠይቅ፤ ካህኑም ብዙ ዘመን ያልጎበኘውን አንድ ቤት በዚህ ሳምንት ያንኳኳ። በመከርም ጊዜ ቃርሚያውን ለድሀ መተው አይርሳ።

የወይኑ ባለቤት እግዚአብሔር ተክሉን ከሚታየውና ከማይታየው አውሬ ይጠብቅልን፤ እኛንም በማማችን ላይ ነቅተን የምንገኝ ጠባቂዎች ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።