እግዚአብሔር ልቡን ያውቃል፤ ሐጂስ?

ደብዳቤው የመጣው ከመርካቶ ነው። ጸሐፊው ጣቃ ጨርቅ ቸርቻሪና የሁለት ልጆች አባት ሲሆን፣ በአንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ሆኖ ያገለግላል። ሐጂ ከሚላቸው አንድ ሙስሊም ጅምላ ነጋዴ የ640 ሺህ ብር ዕቃ በዱቤ ወስዶ ቼክ ጻፈ፤ ቼኩ ደረቅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲጮህ አያነሳም፤ ሐጂ በሚያልፉበት ሰዓትም ሱቁ አይገኝም። በመጨረሻ ሐጂ ራሳቸው መጡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከባንኮኒው በላይ የተለጠፈውን «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚል ወረቀት በከዘራቸው ጠቆም አድርገው፣ «እስቲ መጀመሪያ ይቺን አንሳና እንነጋገር» አሉት። የግራና የቀኝ ባለሱቆች ሁሉ ሰሙ።

ሚስቱ «ያልፋል፣ ዝም በል» አለችው። አብሮት የሚያገለግል ወንድም ደግሞ «ውጊያ ነው፣ ጸልይበት» አለው። እሱም «ለማታለል አስቤ አላደረግሁትም፤ እግዚአብሔር ልቤን ያውቃል። ታዲያ ሰው ስለሚለው ልጨነቅ ይገባኛል?» ሲል ይጠይቃል።

እግዚአብሔር ልቡን ማወቁን የሚጠራጠር የለም። ሐጂ የሚያውቁት ግን ቼኩን ነው።

የልብ ንጽሕና ብቻ ቢበቃ ኖሮ ሐዋርያው ጳውሎስ ያን ያህል ባልተጠነቀቀ ነበር። ለኢየሩሳሌም ድኾች የሚሰበሰበውን ገንዘብ በእሱ እጅ ብቻ እንዲያልፍ አላደረገም፤ ቲቶንና በአብያተ ክርስቲያናት የተመሰገኑ ወንድሞችን መደበበት። ምክንያቱንም በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 ላይ ሳያድበሰብስ ያስቀምጣል፤ ነገሩ በጌታ ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይገኝበት ነው። ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ደግሞ (1ኛ ጢሞ. 3፥7) ለቤተ ክርስቲያን መሪነት የሚታጭ ሰው በውጭ ባሉት ዘንድ የተመሰከረለት እንዲሆን ይጠይቃል። ምስክሩ የእሑድ ጉባኤ አይደለም፣ ከአጥር ውጭ ያለው ሰው ነው። በዚህ ጉዳይ ያ ሰው ሐጂ ናቸው።

የአሜሪካዊው ሰባኪ የቢሊ ግራሃም ታሪክም ለጠያቂው ሳይጠቅም አይቀርም። በ1948 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያዋ ሞዴስቶ ከተማ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ተቀምጦ፣ የተዘዋዋሪ ሰባኪዎችን ስም የሚያጠፉትን ነገሮች አንድ በአንድ አነሱ፤ ገንዘብ፣ ከሴት ጋር የሚነሳ ሐሜት፣ የተጋነነ የተሰብሳቢ ቁጥር፣ የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናትን መተቸት። ስምምነቱ ብቻውን ግን አልበቃም። በ1950 የአትላንታው ጉባኤ ሲያበቃ የከተማው ጋዜጣ በአንድ በኩል ፈገግ ያለውን ግራሃምን፣ በሌላ በኩል በመባ የተሞሉ ከረጢቶችን ፎቶ አወጣ። የሰረቀው ነገር አልነበረም። ያም ሆኖ አሠራሩን ቀየረ፤ ከጉባኤ መባ መካፈሉን ትቶ በቦርድ ከሚመራ ድርጅት የተቆረጠ ደመወዝ ወደ መቀበል ዞረ። ምንም ሳያጠፋ ይህን ካደረገ፣ ዕዳ ያለበት ሰውማ ምን ሊያደርግ ነው?

እርግጥ ነው፣ መጥፎ ስም ሁሉ የራስ ጥፋት ውጤት አይደለም። ዮሴፍ በጲጥፋራ ቤት ባልሠራው ታስሯል። የጠያቂው ግን ሐሜት አይደለም፣ ስደትም አይደለም፤ ያልተከፈለ የዕቃ ዋጋ ነው። ይህን «ውጊያ» ብሎ መጥራት ሰይጣንን ሳይበደር ባለዕዳ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ጠያቂው በስልክ ሳይሆን በእግሩ ወደ ሐጂ ይሂድ። ሐጂ የሚያከብሯቸውን ሁለት የገበያ ሽማግሌዎች ይዞ ቢሄድ ይሻላል። ይቅርታ ይጠይቅ፣ ሰበብ አያብዛ፤ የሚከፍልበት ቀን በምስክር ፊት በውል ይጻፍ። ደረቅ ቼክ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 እንደሚያስጠይቅ ነጋዴ ነውና አያጣውም። ሐጂ ቼኩን ይዘው ፖሊስ ዘንድ አልሄዱም፤ እስካሁን በዚህ ታሪክ ውስጥ በጨዋነት የቆሙት እሳቸው ናቸው።

ቀጥሎ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ከገበያ ከመስማታቸው በፊት ራሱ ይንገራቸው፤ ዕዳው እስኪዘጋም ከአገልግሎቱ ይረፍ። መድረክ ላይ ወጥቶ በዕንባ የመመስከሩ ነገር ግን ይቆየው። ዘኬዎስ ንስሓውን ሲናገር ለበደላቸው ሰዎች የሚመልሰውን ልክ ጭምር ቆርጦ ነበር፤ አራት እጥፍ።

አንድ ነገር ቀረ። ጠያቂው በደብዳቤው ግርጌ፣ ሚስቱ ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት እንደምታደርስ ሲያወራ፣ ባለፈው ዓመት የተገዛች ቪትዝ መኪና እንዳለቻቸው ጣል አድርጎ ያልፋል። ስለ መኪናዋ ጥያቄ አላነሳም። ደላሎች ዛሬ በሚጠሩት ዋጋ መኪናዋ ዕዳውን ሸፍና ትተርፋለች። ምናልባት ከሐጂ ጋር ከሚያደርገው ይልቅ የሚከብደው ከሚስቱ ጋር የሚያደርገው ንግግር ይሆናል፤ ቢሆንም ዛሬ ማታ ይጀምረው። መኪናዋ ትሸጥ፤ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ይፈለግ፣ ገዢውም 640 ሺሁን በቀጥታ ወደ ሐጂ ሒሳብ ያስገባ።