የትምህርት ቤት ጣሪያ ሲያፈስ ከፋዩ ማነው?

(ከአንድ ሠልጣኝ መምህር)



ነገ ተመርቀን በየወረዳው ስንመደብ ከጠመኔውና ከጥቁር ሰሌዳው ቀጥሎ የምንጋፈጠው ነገር ሕንፃው ራሱ ነው። ጣሪያው ያፈሳል፣ መስኮቱ ተሰብሯል፣ ግድግዳው ተፈረካክሷል። "ይጠገን" ማለት ቀላል ነው፤ ቁም ነገሩ "ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ማንስ ስንት ይክፈል?" የሚለው ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ በአሜሪካ የአካባቢው ሕዝብ ይህን ጥያቄ በድምፅ እንዴት እንደሚወስን፣ አሠራሩ በምን እንደሚጠቅምና በምን እንደሚጎድል በአጭሩ እንመለከታለን። በካሊፎርኒያና በቴክሳስ ስለሆነው ስናወራ ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው።

1. አሠራሩ

በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድረው "የትምህርት ወረዳ" የሚባል አካል ነው። ወረዳው ሕዝብ የመረጠው ቦርድ አለው። አንዱ ዋና የገቢ ምንጩም በቤትና በመሬት ዋጋ ላይ የሚጣለው የንብረት ግብር ነው። ይሁንና የዓመቱ በጀት ለደመወዝና ለዕለት ወጪ ስለሚውል ለትልቅ ጥገና አይተርፍም። በመሆኑም ቦርዱ ቦንድ ለመሸጥ የሕዝቡን ፈቃድ ይጠይቃል።

ቦንድ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ የገዛ ሰው ገንዘቡን አበደረ እንጂ አልሰጠም። የትምህርት ወረዳውም እንዲሁ ዛሬ ተበድሮ ጣሪያውን ያድሳል፤ ዕዳውን ደግሞ በንብረት ግብር ላይ በሚጨመር ገንዘብ ለብዙ ዓመታት ቀስ እያለ ይከፍላል። ጭማሪው የሚጸናው ግን መራጩ "እሺ" ካለ ብቻ ነው።

2. የካሊፎርኒያ ምሳሌ

በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ የቤት ዋጋ ሲንር ግብሩም አብሮ ናረ። ገቢያቸው ያልጨመረ ጡረተኞች "ከገዛ ቤታችን ልንወጣ ነው" አሉ። በሰኔ 1978 ሕዝቡ የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 13 የተባለውን አጸደቀ። በዚህም መሠረት የንብረት ግብር ከንብረቱ ዋጋ 1 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ለግብር የሚያዘው ዋጋም ንብረቱ እስኪሸጥ ድረስ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ ተደረገ። ግብር ከፋዩ እፎይ አለ፤ ነገር ግን በንብረት ግብር ለሚከፈል አዲስ የትምህርት ቤት ቦንድ በሩ ተዘጋ። በሩ እንደገና የተከፈተው በ1986 ነው፤ ያውም ከመራጩ ሁለት ሦስተኛው ከደገፈ ብቻ ነው።

ሁለት ሦስተኛ ምን ማለት እንደሆነ በስሌት እንየው። 1,000 ሰዎች ድምፅ ቢሰጡና 666ቱ "ጣሪያው ይታደስ" ቢሉ፣ 334ቱ ደግሞ "አይሆንም" ቢሉ፣ የሚያሸንፉት 334ቱ ናቸው! ስለዚህ በኅዳር 2000 በጸደቀው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 39 መሠረት የሚፈለገው ድምፅ ወደ 55 በመቶ ዝቅ እንዲል ተፈቀደ። ይህ ግን በነጻ አልተገኘም። ወረዳው የሚከተሉትን ግዴታዎች ይገባል፦

ሀ) የሚሠራው ሥራ ዝርዝር አስቀድሞ ለሕዝብ ይቀርባል፤

ለ) ገንዘቡ ለመምህራንም ሆነ ለአስተዳዳሪዎች ደመወዝ አይውልም፤

ሐ) ሒሳቡና የሥራው አፈጻጸም በየዓመቱ ይመረመራል፤

መ) የወላጆች፣ የግብር ከፋዮች፣ የነጋዴዎችና የአረጋውያን ተወካዮች ያሉበት ኮሚቴ ይቆጣጠራል። የወረዳው ሠራተኞችና ዕቃ አቅራቢዎች አባል መሆን አይችሉም፤

ሠ) የጭማሪው መጠን ወሰን አለው። ለምሳሌ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን አጣምሮ በሚያስተዳድር ወረዳ አንድ ቦንድ የሚያስከትለው ጭማሪ ለግብር ከተያዘው ዋጋ በየ100,000 ዶላሩ ከ60 ዶላር እንዳይበልጥ ታስቦ ነው የሚቀርበው። ቤቱ 300,000 ዶላር የተገመተለት ሰው ቢበዛ በዓመት 180 ዶላር ይጨምራል ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የድምፁ ቁጥር ዝቅ ሲል ተጠያቂነቱ ከፍ ብሏል።

3. ድምፅ ብቻውን ይበቃል ወይ?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ድምፅ ፈቃድን ይሰጣል እንጂ ሀብት አይፈጥርም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በቴክሳስ በሳን አንቶኒዮ ከተማ የነበረው ሁኔታ ነው። በግንቦት 1968 የኤጅውድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 400 ያህል ተማሪዎች የሕንፃውን መጎሳቆልና የብቁ መምህራንን እጥረት በመቃወም ከክፍል ወጡ። ከዚያም ዲሜትሪዮ ሮድሪገዝ የተባሉ አባትና ሌሎች ወላጆች ክስ መሠረቱ።

በፍርድ ቤት የቀረበው ቁጥር የሚያስገርም ነበር። በኤጅውድ ለግብር የተያዘው ንብረት ለአንድ ተማሪ ሲካፈል 5,960 ዶላር ነበር፤ እዚያው ከተማ ውስጥ ባለው በአላሞ ሃይትስ ግን ከ49,000 ዶላር በላይ ነበር። ኤጅውድ ከ100 ዶላር 1.05 ዶላር፣ አላሞ ሃይትስ ደግሞ 0.85 ዶላር ግብር ያስከፍሉ ነበር። ለቴክሳስ የጋራ ፕሮግራም የሚዋጣው ተቀንሶ ለአንድ ተማሪ የተረፈው ግን በኤጅውድ 26 ዶላር፣ በአላሞ ሃይትስ 333 ዶላር ነበር። አያችሁ? የበለጠ የከፈለው ያነሰ አገኘ።

በ1973 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ በወላጆቹ ላይ ፈረደ። ትግሉ ግን አልቆመም፤ በ1989 የቴክሳስ የራሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ ክስ የትምህርት ገንዘብ አደላደሉ የቴክሳስን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ስለሆነም ሀብቱ አነስተኛ ለሆነ አካባቢ የሕዝቡ ፈቃድ ላይ ከበላይ የሚመጣ ማካካሻ ካልታከለበት ጣሪያው ማፍሰሱን አይተውም።

4. ለእኛስ?

በአገራችን በ1940 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ጥሎ ነበር፤ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ማለት ነው። ግብሩ በአዋጅ የመጣ እንጂ ሕዝብ ድምፅ የሰጠበት አልነበረም። ዛሬ በብዙ ቦታ ለጥገና የሚሮጠው የወላጅና የመምህር ኅብረት ነው፤ ያለው በገንዘብ፣ የሌለው በጉልበት፣ በድንጋይ፣ በእንጨት ያዋጣል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚባለው ለዚህ ነው። ነገር ግን ሃምሳው ሰው አቅሙ እኩል አይደለም። ጥበቃ የሚሠራ አባትና ሆቴል ያለው ነጋዴ እኩል ይክፈሉ ሲባል ለአንዱ ሎሚው ድንጋይ ይሆንበታል።

እኛ መምህራን ደግሞ በእንዲህ ዓይነቱ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዥ መሆናችን አይቀርም። ታዲያ ከስብሰባው በፊት የሚሠራው ተዘርዝሮ ይጻፍ፤ ከስብሰባው በኋላ ወጪው በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ተቆጣጣሪው ከገንዘብ ያዡ የተለየ ሰው ይሁን። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ቆርቆሮ በጊዜው መምታትም ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ልጅ የሌለው ጡረተኛ ለትምህርት ቤት ጥገና መክፈል አለበት? ለምን?

2. ለግብር 250,000 ዶላር የተገመተ ቤት በየ100,000 ዶላሩ 60 ዶላር ቢጨመርበት በዓመት ስንት ይከፈልበታል?

3. መዋጮ በነፍስ ወከፍ ይሁን ወይስ እንደ አቅም? እንደ አቅም ከሆነ አቅምን የሚለካው ማን ነው?