በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት በምን ይግባባሉ?

ጥያቄ፦ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ተራርቀው ሳለ መልእክት የሚለዋወጡት እንዴት ነው?

መልስ፦ በስፋት የሚታወቀው መንገድ ሳይቶካይን የሚባሉ ፕሮቲኖችን መርጨት ነው። ሌላው መንገድ ሕዋሳት የሚያወጧቸው፣ በስስ ሽፋን የታሸጉ ጥቃቅን ከረጢቶች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ኤክሶዞም የሚባሉት ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ስላላቸው በተራ ማይክሮስኮፕ አይታዩም። ኤክሶዞም እዚያው ሕዋሱ ውስጥ ተሠርቶ ይወጣል፤ ከሕዋሱ የላይኛው ሽፋን ተቆርጠው የሚወጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይተልቃሉ።

ጥያቄ፦ ከረጢቶቹ ቆሻሻ ማስወገጃ አይደሉም?

መልስ፦ ለዓመታት የታመነው እንደዚያ ነበር፤ ግምቱም መሠረተ ቢስ አልነበረም። በ1983 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያልና በሴንት ሉዊስ የነበሩ ተመራማሪዎች ያዩት፣ በመብሰል ላይ ያሉ ቀይ የደም ሕዋሳት ከእንግዲህ የማይፈልጉትን ፕሮቲን በከረጢት ሲያስወጡ ነው። አመለካከቱን የለወጠው በ1996 ግራሳ ራፖሶና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት ነው፦ ቢ ሕዋሳት የተባሉት በሽታ ተከላካዮች የሚለቋቸው ከረጢቶች የባዕድ ፕሮቲን ቁራጭ በላያቸው ይዘው ቲ ሕዋሳት የተባሉትን ሌሎች ተከላካዮች ቀሰቀሱ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዴንድራይቲክ የተባለው በሽታ ተከላካይ ሕዋስ ተህዋሲን ውጦ ይፈጭና ቁራጩን ከመለያ ፕሮቲን ጋር አጣምሮ ያሳያል። ይህ ጥምረት በከረጢት ተጭኖ ሲወጣ፣ ተህዋሲውን አግኝቶ የማያውቅ ሌላ ዴንድራይቲክ ሕዋስ ይቀበለውና ለቲ ሕዋስ ያሳያል። ከረጢቱ ብቻውን ገና ያልነቃን ቲ ሕዋስ የመቀስቀስ ኃይሉ ደካማ ነው፤ ተቀባዩ ሕዋስ ሲይዘው ግን ይበረታል። ከፕሮቲን ሌላ ከረጢቶቹ ማይክሮ አርኤንኤ ስለሚይዙ፣ የተቀባዩ ሕዋስ ጂኖች አሠራርም ሊለወጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ መልእክቱ ሁልጊዜ ይጠቅማል?

መልስ፦ አይደለም። ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት ከረጢት የሚልኩት ሌሎቹን ለማብረድ ነው፤ ይህ ሰውነት ራሱን እንዳያጠቃ ይረዳል። ካንሰር ግን ዘዴውን ለራሱ ያውለዋል፦ የሜላኖማ ዕጢ የሚለቃቸው ኤክሶዞሞች ፒዲኤል1 የተባለ ፕሮቲን ተሸክመው ቲ ሕዋሳትን ከሩቅ ያዳክማሉ። በቲቢ ባክቴሪያ የተያዙ፣ ማክሮፋጅ የተባሉ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳትም የባክቴሪያውን ክፍሎች በከረጢት ያወጣሉ፤ እነዚህም ጤነኛ ማክሮፋጆችን ለብግነት ያነሣሣሉ።

ጥያቄ፦ ኤክሶዞም ለሕክምና ይውላል?

መልስ፦ እየተሞከረ ነው። በፈረንሳይ ከዴንድራይቲክ ሕዋሳት የተወሰደ ኤክሶዞም ለሳንባ ካንሰር ሕሙማን ተሰጥቶ ነበር፤ በ2016 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው የታለመው ግብ አልተመታም፤ የአንዳንዶቹ ተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት ግን ነቅተዋል። አንዱ እንቅፋት ከአንድ ሕዋስ የወጡ ከረጢቶች እንኳ ይዘታቸው መለያየቱ ነው፤ መጠን መወሰን ያስቸግራል። በየክሊኒኩ በመርፌ ስለሚሸጠው ኤክሶዞም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2019 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ የጸደቀ የኤክሶዞም ምርት አለመኖሩን አስታውቋል።