ማሳሰቢያ፦ ጀርባው ላይ ከረጢት ይዞ ለተወለደ፣ ጭንቅላቱ ያለ ልክ ለሚያድግ ሕፃን

ለአራዳ ነዋሪዎች፣ ከዳባትና ከደባርቅ ወደ ጎንደር ለምትወርዱም ሁሉ፤

ስፓይና ቢፊዳ የሚባለው የአከርካሪ አለመግጠምና ሃይድሮሴፋለስ የሚባለው የጭንቅላት ውስጥ ውሃ መጠራቀም በብዙ አገሮች ያን ያህል አይበዙም። እኛ ዘንድ ግን ከጎረቤት ቤት አይጠፉም። በትግራይ ሆስፒታሎች የተደረገ አንድ ጥናት ከ10,000 ወሊድ ወደ 131 በሚጠጉት ላይ የአከርካሪና የአንጎል አለመግጠም ችግር አግኝቷል።

ከማርገዝ በፊት ፎሊክ አሲድ ጀምሩ። የፅንሱ ህብለ ሰረሰር የሚገጥመው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ያኔ ብዙዋ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ስለዚህ በቅድመ ወሊድ ክትትል የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ለደም ማነስ ይጠቅማልና ዋጡት፤ ለዚህኛው ችግር ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዘገያል። ልጅ ያሰበች ሴት ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምራ እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት በቀን 400 ማይክሮግራም ትውሰድ። ጎመንና ምስር ጥሩ ናቸው፤ ብቻቸውን ግን አይበቁም።

ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት መጠኑ 10 እጥፍ ያህል ስለሚሆን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰድ። በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ይህ መጠን ችግሩ እንዳይደገም 72 በመቶ ያህል እንደሚከላከል አሳይቷል። ለሚጥል በሽታ ቫልፕሮይክ አሲድ የምትወስዱ ደግሞ ሳታረግዙ ሐኪም አማክሩ፤ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ሕፃኑ ጀርባው ላይ ክፍት ቁስል ወይም ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይዞ ከተወለደ ቅቤ፣ አመድ ወይም ቅጠል አትቀቡ። ከረጢቱንም አታፍርጡ። ጸበሉም ቁስሉ እስኪደርቅ ይቆይ፤ የትም አይሄድም። ንጹሕ ጋዝ በኖርማል ሳላይን አርሳችሁ ሸፍኑት፤ ጋዙንም ሳላይኑንም ከጤና ጣቢያው ጠይቁ። በጀርባው አታስተኙት፣ በሆዱ ወይም በጎኑ ይተኛ። አትዘሉት፤ አንቀልባው ቁስሉን ይጫነዋል። እቅፍ አድርጋችሁ ውሰዱት።

መቼ? ዛሬውኑ። ቁስሉ በተወለደ በ2 ወይም በ3 ቀን ቢዘጋ የማጅራት ገትር አደጋው ይቀንሳል። "እናቲቱ አራስ ናት"፣ "አርባው ይድረስ"፣ "ሰማንያው ይሙላ" እየተባለ ስንት ሕፃን ኢንፌክሽን ይዞት መጥቷል! ለነፍሱ የምትሰጉ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ ሕይወቱ ለሚያሰጋ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ቀኑ ሳይደርስ ታጠምቃለች።

የጭንቅላቱን ዙሪያ ለኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፤ ከቅንድብ ከፍ ብሎ በግንባሩና ኋላ ላይ በጎላው ቦታ አዙሩት፣ ቁጥሩንም ከነቀኑ ጻፉት። በጊዜው የተወለደ ሕፃን ከ33 እስከ 36 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በወር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ከዚህ ከፈጠነ፣ እርግብግቢቱ ካበጠና ከተወጠረ፣ ዓይኑ እንደምትጠልቅ ፀሐይ ወደ ታች ከዘቀጠ፣ ካስመለሰው ወይም መጥባት ከተወ "ጭንቅላተ ትልቅ ብልህ ነው" የሚላችሁን አትስሙ።

በጤና ጣቢያው በኩል ሪፈር አጽፉ፤ የጤና መድን መታወቂያችሁን ሳይታደስ አታስቀምጡ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ካልተቻለ አዲስ አበባ ዘውዲቱ ወይም ጥቁር አንበሳ ይጽፍላችኋል። በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና በ2006 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዛሬ ቁጥራቸው ጨምሯል፣ ወረፋው ግን አሁንም አለ። እድሮችም ለቀብር ብቻ ከማዋጣት ለእንዲህ ያለው ጉዞ የትራንስፖርት ብድር ብትሰጡ ያምርባችኋል።

ጎረቤቶች፣ "ርግማን ነው" አትበሉ። እናቲቱ ልጇን ደብቃ ቤት የምትቀመጠው ከእናንተ አፍ ፈርታ ነው።

ሹንት የተደረገለት ልጅ፣ ከጭንቅላት ወደ ሆድ ውሃውን የሚያወርድ ቱቦ ያለው ማለት ነው፣ "ዳነ" ተብሎ ከክትትል አይቅር። ቱቦው ከዓመታት በኋላም ሊደፈን ይችላል። ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት ወይም ከልክ ያለፈ እንቅልፍ ሲመጣ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ለሚያየው ሐኪም ሁሉ ሹንት እንዳለው አስቀድማችሁ ንገሩ፣ የቀዶ ሕክምናውንም ወረቀት አሳዩ።