በተራ ወይስ በአንድ ጊዜ? ከሰንጠረዥ ወረራ እስከ ኮምፒዩተር ጨዋታ

ጨዋታዎችን በጊዜ አጠቃቀማቸው በሁለት ከፍለን መመልከት እንችላለን። የመጀመሪያው ተራ የሚጠበቅበት ነው። በቆርኪ የምንጫወተው ዳማ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ አንዱ ሲያስብ ሌላው ይጠብቃል። ሁለተኛው ተራ የሌለበት ነው፤ በገና ጨዋታ ሩሩን ለመምታት ተጋጣሚውን የሚያስፈቅድ የለም። ለመሆኑ ሁለቱን በአንድ ጨዋታ ማዋሐድ ይቻላልን? የኮምፒዩተር ጨዋታ ሠሪዎች ብዙ የደከሙበት ይህ ጥያቄ በአገራችን ቀደም ሲል መልስ አግኝቶ ነበር።

የወረራ ሕግ

ጥንታዊው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ 64 ቤቶች ባሉት ጨርቅ ላይ የሚካሄድ ሲሆን፣ ቤቶቹ እንደ ዘመናዊው ቼዝ በጥቁርና በነጭ አይለዩም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩን ራስ ወልደ ሥላሴን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ ራሱ ይህን ጨዋታ ይወዱ እንደነበር ጽፏል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ጨዋታው ታሪክና ሕግ ጥናት አሳትመዋል።

የጨዋታው ልዩ ባሕርይ አጀማመሩ ነው። «ወረራ» በሚባለው በዚህ ምዕራፍ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፍጥነታቸው ያንቀሳቅሳሉ። የተጋጣሚን አሰላለፍ አይቶ የራስን መልሶ ማስተካከልም ይቻላል። የመጀመሪያው ጠጠር እንደተበላ ግን ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ ይቀጥላል። ልብ እንበል፤ ምዕራፉን የሚለውጠው ሰዓት ሳይሆን ክስተት ነው፤ ክስተቱም በተጫዋቾቹ እጅ ነው።

ፍጥነትና መረጃ

ነገሩን በቀላል ስሌት እንየው። አንዱ ተጫዋች በ1 ሴኮንድ፣ ሌላው በ2 ሴኮንድ አንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳል እንበል። በ10 ሴኮንድ ውስጥ የመጀመሪያው 10፣ ሁለተኛው 5 እንቅስቃሴ ያደርጋል። በተራ ቢጫወቱ ኖሮ ቁጥራቸው እኩል በሆነ ነበር። እንግዲህ ተራ ሲቀር ቀድሞ የመጀመር ብልጫ ይጠፋል፤ በምትኩ የእጅ ፍጥነት ብልጫ ይሆናል። ይሁን እንጂ ቀርፋፋው ፈጽሞ አይጎዳም፤ የተጋጣሚውን አሰላለፍ አይቶ የራሱን ስለሚያበጅ በመረጃ ይካሳል። ቀድሞ የሚበላውም ቢሆን መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ፤ ከመብላቱ ቀጥሎ ያለው ተራ የተጋጣሚው ነውና የበላበት ጠጠር ጥበቃ ከሌለው መልሶ ይበላበታል።

በኮምፒዩተር ዓለም

እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው «ሲቪላይዜሽን» በተራ፣ በ1992 የወጣው «ዱን 2» ደግሞ ያለ ተራ የሚካሄዱ ናቸው። በኋላ ሁለቱን የማዋሐጃ መንገዶች ተገኙ። በ2000 የወጣው «ሾገን፦ ቶታል ዋር» በደረጃ ከፈላቸው፤ ሠራዊት በካርታ ላይ በተራ ይንቀሳቀሳል፣ ውጊያው ግን ያለ ተራ ይካሄዳል። በ1998 የወጣው «ባልደርስ ጌት» ደግሞ ተጫዋቹ ጊዜውን አቁሞ ትእዛዝ እንዲሰጥ ፈቀደ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን «ያለ ተራ» የምንለው ራሱ በውስጡ ተራ ያለው መሆኑ ነው። ኮምፒዩተር ጊዜን በጥቃቅን እርምጃዎች ከፍሎ ያሰላል። በ1997 የወጣው «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» በኔትወርክ ሲጫወቱት ጊዜውን በአብዛኛው 200 ሚሊሴኮንድ በሚሆኑ ተራዎች ይከፍል ነበር። በአንድ ተራ የተሰጠ ትእዛዝ የሚፈጸመው ከሁለት ተራ በኋላ ነው፤ በዚህ መካከል ትእዛዙ ለሁሉም ኮምፒዩተሮች ይደርሳል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ስሌት ይሠራሉ። ስለዚህ ልዩነቱ ተራ በመኖሩና ባለመኖሩ ሳይሆን፣ ተራው የሰው ዓይን ሊያየው የሚችል ረጅም በመሆኑና ባለመሆኑ ነው።

እስኪ እንሞክረው

ይህን ለመረዳት ኮምፒዩተር የግድ አያስፈልግም። በሻኪሶ የሚገኝ ተማሪም ጨርቅ ላይ 64 ቤቶች አስምሮ የቼዝ ጠጠሮችን ወይም ምልክት የተደረገባቸውን ቆርኪዎች መደርደር ይችላል። አሥር ጊዜ ከወረራ ጀምሮ፣ አሥር ጊዜ ደግሞ ገና ከመነሻው በተራ ይጫወት። በእያንዳንዱ ጨዋታ ማን ቀድሞ እንደበላና ማን እንዳሸነፈ ይመዝግብ፤ ቀድሞ የበላው ሁልጊዜ ያሸንፍ እንደሆነ መዝገቡ ይነግረዋል። ሰንጠረዥ ዛሬ እምብዛም አይታይም። ሕጉን የሚያውቁ አረጋውያን በአቅራቢያችን ካሉ ጠይቀን እንጻፍላቸው፤ ያልተጻፈ ሕግ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።