ባሕሩ በቀን ስንት ጊዜ ይሞላል?

በዚህ እትም ስለ ባሕር ሙላትና ጉድለት ለመጻፍ የተነሣሁት ነገሩን አጥርቼ በማወቄ ሳይሆን፣ ሳላውቀው በማስተማሬ ነው። ስሕተቴን ከነእርማቱ ባቀርበው ነገ ክፍል ለምንገባው እጩ መምህራን ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለማስተማር ልምምድ በተመደብኩበት ክፍል ስለ ጨረቃ ሳስተምር፣ «ጨረቃ የባሕርን ውሃ ወደ ራስዋ ትስባለች፤ ስለዚህ በአናታችን ላይ ስትሆን ባሕሩ ይሞላል» አልኩና በጥቁር ሰሌዳው ላይ በአንድ ጎኗ ጉብ ያለች መሬት ሣልኩ። እኛ በደሳዎች ቡናና ጫት እንጂ ባሕር የለን፤ ስለዚህ ጠያቂ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ግን እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ እንደሱ ከሆነማ በቀን አንዴ ብቻ መሙላት ነበረበት። አጎቴ ግን ጅቡቲ ጫት ሲያራግፍ አይቷል፤ ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል ነው የሚለን» አለ። እኔም ላለመሸነፍ ብዬ፣ «አጎትህ ቆጠራ ተሳስቶ ይሆናላ!» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ተቀመጠ፤ ደወሉ እስኪደወልም ድረስ እጁን አላነሣም።

በማግስቱ መጻሕፍት ሳገላብጥ ልክ የነበረው አጎትየው ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ሀ) ሙላትና ጉድለት ሲባል

በመጀመሪያ ማዕበልና ሙላት እንዳይምታቱብን። ማዕበልን የሚያስነሣው ነፋስ ነው። ሙላትና ጉድለት ግን ነፋስ ኖረም አልኖረም ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል። መሬት በራሷ ዛቢያ አንዴ ስትዞር ጨረቃም በጉዞዋ ፈቀቅ ስለምትል፣ ጨረቃ ተመልሳ በአናታችን ላይ ለመምጣት 24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ባሕሩ በአብዛኛው ሁለቴ ይሞላል። ስለዚህ ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው በአማካይ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው።

በጅቡቲ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ቀን ከ2 ሜትር ያልፋል። ሲጎድል ጀልባዎች ጭቃው ላይ ተጋድመው ይታያሉ፤ ሲሞላ ደግሞ ይንሳፈፋሉ። እዚያ ሁለቱ ሙላቶች እኩል አይደሉም፤ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል።

ለ) ዋናው ቁም ነገር፤ ስበቱ ሳይሆን የስበቱ ልዩነት

ስበት ርቀት ሲጨምር ይቀንሳል። ጨረቃ ከመሬት እምብርት በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከእምብርቱ እስከ መሬት ገጽ ደግሞ 6,370 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ለጨረቃ የዞረው ወገን ቅርብ፣ እምብርቱ መካከለኛ፣ ጀርባው ሩቅ ይሆናል ማለት ነው። ጨረቃ እምብርቱን የምትስብበትን ኃይል 1,000 ብንለው፣ የሚከተለውን እናገኛለን፦

በቅርቡ ወገን፦ 1,034
በእምብርቱ፦ 1,000
በሩቁ ወገን፦ 968

ሦስቱም ወደ ጨረቃ ነው የሚሳቡት። ነገር ግን መሬት እንዳለች በ1,000 ስትሳብ፣ የቅርቡ ውሃ በ34 ይቀድማታል፣ የሩቁ ውሃ በ32 ወደ ኋላ ይቀርባታል። የቀደመው ጉብ ይላል፤ ወደ ኋላ የቀረውም በበኩሉ ጉብ ይላል። ጉብታዎቹ ሁለት የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። መሬት በሁለቱ ጉብታዎች ሥር ስለምትዞር አንድ ወደብ በቀን ሁለቴ ሙላት ያያል። የእኔ ሥዕል የጎደለው ሁለተኛው ጉብታ ነበር።

ሐ) በሜዳ የሚሠራ ማሳያ

ይህን በቃል ብቻ ብንናገረው ለልጆች ይከብዳል። ስለዚህ ሦስት ተማሪዎች በአንድ መሥመር፣ ፊታቸውን ወደ አንድ ዛፍ አዙረው ይቁሙ። ዛፉ ጨረቃ ነው። በአንድ ጭብጨባ የፊተኛው 7፣ የመካከለኛው 5፣ የኋለኛው 3 እርምጃ ወደ ዛፉ ይሂዱ። ከዚያ መካከለኛውን «ምን ታያለህ?» ብለን እንጠይቀው። የፊተኛው 2 እርምጃ ርቆታል፤ የኋለኛውም 2 እርምጃ ርቆታል። ወደ ኋላ የሄደ ማንም የለም፤ ግን ሁለቱም ከእሱ ራቁ! መካከለኛው መሬት ነው፤ ሁለቱ ልጆች ውሃው ናቸው።

መ) ፀሐይስ?

ፀሐይ መሬትን የምትስብበት ኃይል ከጨረቃ 180 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ታዲያ ባሕሩ ለምን በይበልጥ ጨረቃን ይከተላል? ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ የመሬት ውፍረት ለእሷ ከምንም አይቆጠርም፤ ፊቱንም ጀርባውንም እኩል በሚባል ኃይል ትስባለች። ከላይ ባስቀመጥነው ልኬት የጨረቃ ልዩነት 33 ያህል ሲሆን የፀሐይ ልዩነት 15 ብቻ ነው። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ሁለቱ ተደምረው 48 ይሆናሉ፤ ሙላቱ ይበረታል። ጨረቃ ግማሽ ሆና ስትታይ ደግሞ 33 ሲቀነስ 15፣ 18 ይቀራል፤ ሙላቱ ይደክማል።

ሠ) ጣናስ ለምን አይሞላም?

የጨረቃ የስበት ልዩነት ከመሬት ስበት ጋር ሲተያይ ከ9 ሚሊዮን አንድ ያህል ነው። ስለዚህ ውሃን ቀጥ አድርጎ አያነሣም፤ ከሰፊ ውቅያኖስ በጎን እያንሸራተተ ያከማቻል እንጂ። ጣና ከዳር እስከ ዳር 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የባሕሩ ቅርጽም ወሳኝ ነው። ቀይ ባሕር በሰሜንና በደቡብ ጫፉ ይሞላል ይጎድላል፤ ፖርት ሱዳን አካባቢ ግን ለውጡ ከቁጥር አይገባም። በካናዳ የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ልዩነቱ እስከ 16 ሜትር ይደርሳል።

ደረቁ መሬትም ቢሆን አልቀረለትም። የቆምንበት የበደሳ ምድር በቀን ሁለቴ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ዝቅ ይላል። ቤቱም ዛፉም እኛም አብረን ስለምንነሣና ስለምንወርድ አይታወቀንም፤ በመሣሪያ ግን ተለክቷል።

ረ) በጠፈር ውስጥ

ይኸው የስበት ልዩነት በሌሎች ዓለማትም ይሠራል። መሬት ጨረቃን ስትጎትትና ስታሽ ኖራ የጨረቃን መሽከርከር ስላዘገመችው፣ ጨረቃ ዛሬ አንድ ፊቷን ብቻ ታሳየናለች። ጨረቃም በአጸፋው በውሃው ጉብታ አማካይነት የመሬትን መሽከርከር በጥቂት በጥቂቱ ታዘገማለች፤ ራስዋም በዓመት 3.8 ሴንቲ ሜትር እየራቀችን ነው። ይህ የተለካው ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ባስቀመጧቸው መስተዋቶች ላይ የሌዘር ጨረር በማንጸባረቅ ነው።

ጁፒተር የተባለው ግዙፍ ፕላኔት አዮ የምትባል ጨረቃ አለችው። የምትዞርበት መንገድ ትክክለኛ ክብ ስላልሆነ አንዴ ጠበቅ አንዴ ላላ እያለች ትታሻለች፤ እሽታውም ውስጧን ያግላል። ሊቃውንት ይህን አስልተው «ውስጧ መቅለጥ አለበት» ባሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በመጋቢት 1979 እ.ኤ.አ. ቮየጀር 1 የተባለችው መንኮራኩር በአጠገቧ አልፋ እሳተ ገሞራ ሲተፋባት ፎቶግራፍ አነሣች። ሹሜከር-ሌቪ 9 የተባለው ጅራታም ኮከብ ደግሞ በ1992 እ.ኤ.አ. ወደ ጁፒተር በጣም ቢጠጋ ፊቱና ጀርባው በተለያየ ኃይል ተስቦ ተበጣጠሰ፤ ስብርባሪው በ1994 ጁፒተር ላይ ወደቀ።

ወደ ክፍሌ ልመለስ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ገና ስገባ የድሮውን ሥዕል እንደገና ሣልኩትና «ይህ ስሕተት ነው፤ የጓደኛችሁ አጎት ትክክል ናቸው» አልኩ። ከዚያ ሜዳ ወጥተን ማሳያውን ሠራን፤ ልጁም መካከለኛው ሆኖ ቆመ። ጨርሰን ስንመለስ «ታዲያ ቲቸር፣ የሐይቅ ውሃስ ለምን አይሞላም?» አለኝ። ያን ጊዜ መልሱን አላውቀውም ነበርና «አንብቤ እነግርሃለሁ» አልኩት። ከላይ በ«ሠ» ሥር ያነበባችሁት ለእሱ ያመጣሁለት መልስ ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ባሕሩ ዛሬ ጠዋት በ1 ሰዓት ቢሞላ፣ የሚቀጥለው ሙላት በስንት ሰዓት ይሆናል?
2. ጨረቃ አሁን ባለችበት ርቀት በግማሹ ብትሆን ኖሮ የስበቱ ልዩነት ስንት እጥፍ ይሆን ነበር? (ልዩነቱ በርቀቱ ኩብ መጠን እንደሚቀንስ አስታውሱ።)
3. በሜዳው ማሳያ ሦስቱም ልጆች 5፣ 5 እርምጃ ቢሄዱ ምን ይታያል? ምንስ ያስረዳል?