የፈረቃ ሠራተኛና የዓመት ፈቃድ፦ መመለሻችንን እንዴት እንቁጠር?



በሐርጌሳ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን ስደተኞች መካከል በሆቴል፣ በዳቦ ቤት፣ በጽዳትና በጥበቃ ሥራ በፈረቃ የሚሠሩ አሉ። የፈረቃ ሠራተኛ ከዓመት ፈቃድ አንድ ቀን ዘግይቶ ቢመለስ ቦታውን ሌላ ሰው ይዞት ሊያገኝ ይችላል። መዘግየት ግን ሁልጊዜ ከስንፍና አይመጣም፤ ከአቆጣጠር ልዩነትም ይመጣል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን አራት ነጥቦችን እንመለከታለን።

1ኛ. የሥራ ቀን ነው ወይስ ተከታታይ ቀን?
በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው 1 ዓመት አገልግሎት የሚሰጠው ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። የሥራ ቀን ሲባል የዕረፍት ቀን አይቆጠርም። ይህ አዋጅ የሐርጌሳን አሠሪ አያስገድድም፤ እዚህ የሚሠራው የአካባቢው ሕግና የገባነው ውል ነው። ስለዚህ አስቀድመን እንጠይቅ። ለምሳሌ አርብ የሚያርፍ ሠራተኛ ከቅዳሜ ጀምሮ 12 ቀን ፈቃድ ቢሰጠው፣ በሥራ ቀን ከተቆጠረ የሚመለሰው በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ነው። በተከታታይ ቀን ከተቆጠረ ግን በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ መገኘት አለበት።

2ኛ. የሌሊት ፈረቃ
የሌሊት ፈረቃ በአንድ ቀን ማታ ጀምሮ በማግሥቱ ጠዋት ያልቃል። «ፈቃድህ እስከ ረቡዕ ነው» የተባለ የጥበቃ ሠራተኛ ረቡዕ ማታ ይግባ ወይስ ሐሙስ ማታ? ይህ በግምት አይታለፍም። የመጀመሪያው ፈረቃ የሚጀምርበት ቀንና ሰዓት በግልጽ ይነገረን።

3ኛ. ሰዓት
የፈረቃ ሠንጠረዥ በፈረንጆች ሰዓት ከተጻፈ በእኛ አቆጣጠር እንዲህ ይነበባል፦
6፡00 — ከጠዋቱ 12 ሰዓት
14፡00 — ከቀኑ 8 ሰዓት
22፡00 — ከምሽቱ 4 ሰዓት
6፡00 የሚለውን እኩለ ቀን አድርጎ ያነበበ ሰው 6 ሰዓት ሙሉ ይዘገያል።

4ኛ. ወርና ቀን
ጥር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. በፈረንጆች ጃንዋሪ 18 ቀን 2026 ነው። አሠሪው ጃንዋሪ 10 ሲል ሠራተኛው ጥር 10 ብሎ ከያዘ 8 ቀን ይቀራል ማለት ነው።

እንግዲህ ለፈቃድ ከመውጣታችን በፊት የመጨረሻው የፈቃድ ቀን፣ የመመለሻው ቀን ከነስሙ (ሰኞ፣ ማክሰኞ...) እና የፈረቃው መጀመሪያ ሰዓት በወረቀት ይጻፍልን፤ አሠሪው ይፈርምበት፤ አንዱ ቅጂ በእጃችን ይቅር። ቋንቋውን የማያነብ ሰው የሚያነብለት ሳያገኝ አይፈርም።

ፈቃድ መጠየቅ ልመና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 24 በአገሩ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ስደተኛ በደመወዝ፣ በሥራ ሰዓትና ደመወዝ በሚከፈልበት ፈቃድ ከአገሬው ዜጋ እኩል እንዲታይ ይደነግጋል። መብቱን የሚጠይቅ ሰው ግን ቀኑንም አክባሪ ሊሆን ይገባል።

መልመጃ
አንዲት የሆቴል ሠራተኛ ከሰኞ ጀምሮ 6 የሥራ ቀን ፈቃድ ተሰጣት። የዕረፍት ቀኗ አርብ ነው። ፈረቃዋ በፈረንጆች ሰዓት 14፡00 ይጀምራል። መቼ ትመለሳለች?
መልስ፦ በሚቀጥለው ሰኞ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት።